የእንሰት ቅጠል የተነጠፈበት የጎማ ግንብ

ጡረታ የወጣሁት በበልግ ነው። ባልደረቦቼ ሆሳዕና ባለው ቢሮአችን ግቢ ዳቦ ቆርሰው፣ ጸሎት አድርገው፣ ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ። ንግግር አድርጊ ሲሉኝ ብድግ ብዬ «እግዚአብሔር ያክብራችሁ» አልኩና ተቀመጥኩ። ቤት ስገባ ልጆቼ ሳቁብኝ። ትልቋ፣ «እማ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ሠርተሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ?» አለችኝ። የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ። እሱም ቢሆን ብዙ አይደለም።

ሥራዬ የመንገድ ቴክኒሻንነት ነበር። አፈር እፈትሻለሁ፤ የተደለደለው መሬት በደንብ መጠቅጠቁን እለካለሁ፤ የቀን ሠራተኞችን አሰማራለሁ። ዱራሜ ጀመርኩ። ከዚያ አንጋጫ፣ ከዚያ ቦኖሻ፣ ከዚያ ጃጁራ፣ በመጨረሻም ሆሳዕና። እኔ የከምባታ ልጅ ነኝ፤ ባለቤቴ ሀድያ ነው፣ መምህር። ልጆቻችን በሦስት ቋንቋ ያሾፉብናል። አንጋጫ ሳለሁ ልጅ በጀርባዬ አዝዬ የአፈር ናሙና የወሰድኩበት ጊዜ ነበር። ደመወዙ ልጆቼን አስተምሮልኛል፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

አለቆቼ ብዙ ነበሩ። አንዱ ይጮህ ነበር፤ ሠራተኛው ጩኸቱን ከመልመዱ የተነሣ አለቃው ዝም ያለ ቀን «ዛሬ አሞት ይሆን?» ይባባል ነበር። ሌላው ሳይት ሲመጣ ከመኪናው አይወርድም። መስታወቱን ዝቅ አድርጎ «እንዴት ነው?» ይላል፤ «ደኅና ነው» ስንለው ይሄዳል። ሁለቱንም እግዚአብሔር ይባርካቸው።

ሥራ ያስተማሩኝ ግን ጋሽ ሸምሱ ናቸው።

ጋሽ ሸምሱ የቦኖሻ ሰው፣ ፎርማን ነበሩ። እኔ ቦኖሻ ስመደብ ፀጉራቸው ሸብቶ ነበር። በትምህርት ቤት የተማርኩትን አልናቁብኝም፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ግን አሳዩኝ።

አዲስ የሥራ ቦታ ስንደርስ፣ መኪናው ዕቃ ከማራገፉ በፊት ጋሽ ሸምሱ አጠገብ ወዳለው ቤት ይሄዳሉ። ሰላም ብለው ከበሩ ፊት ይቀመጣሉ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ ይጠይቃሉ። ከዚያ የሚጠይቁት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው።

«ዝናብ ሲመጣ ውሃው በየት ይገባል? በየትስ ይወጣል?»

አንድ ቀን ቸኩዬ፣ «ጋሼ፣ ይህን እኮ ለክተነዋል» አልኳቸው።

«እኛ ነገ እንሄዳለን፣ ልጄ» አሉኝ። «ከውሃው ጋር የሚቀረው እሱ ነው።»

የተጠቀጠቀ አፈር ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን ያወልቃሉ። በባዶ እግራቸው ቀስ እያሉ ይራመዱበታል። እኔ በመሣሪያዬ ስለካ ቆመው ይጠብቁኛል። ውጤቱን ስነግራቸው «እግሬም እንዲሁ ብሎኛል» ይላሉ፤ አንዳንዴም «ያንን ጥግ ድገሚልኝ» ይላሉ።

ሠራተኛ ሲያጠፋ ሰው ፊት አይቆጡም። «ና እስቲ፣ ሲባጎ ያዝልኝ» ይሉታል። የመለኪያውን ገመድ ጫፍ ያስይዙትና ከሌላው ሰው ራቅ አድርገው፣ የሚለኩ መስለው በዝግታ ይመክሩታል። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ አልነበረም። ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ላይ «ዛሬ ሲባጎ የያዘው ማነው?» እየተባለ ይሳቅ ነበር። የተመከረው ሰው ግን ጥፋቱን አይደግምም። የስግደት ሰዓታቸው ሲደርስ ደግሞ መዶሻው ሁሉ ዝም ይላል። ዝም በሉ ብሎ ያዘዘ ሰው አልነበረም።

ቦኖሻ ተለያይተን ሆሳዕና እንደገና ተገናኘን። የምጽፈው ነገር የሆነው ያን ጊዜ ነው።

በሀቢቾ በኩል ከዋናው መንገድ የሚገነጠል አንድ የጠጠር መንገድ አለ። በገደል አፋፍ ያልፋል። በየክረምቱ ጎርፉ ከጎኑ እየገመሰ ሲወስደው ቆይቶ በመጨረሻ መኪና የማያሳልፍ ሆነ። የማዶው ሰው በሽተኛውን በቃሬዛ ያወጣ ነበር። ምጥ የያዛትን ሴት በዝናብ ተሸክመው ሲያልፉ እኔ ራሴ አይቻለሁ። ዳር ይዤ ከመጸለይ በቀር ላደርግላት የምችለው አልነበረም።

ለድጋፍ ግንብ የሚሆን ድንጋይ ሩቅ ነው። ጋቢዮን የሚባለው ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ቅርጫትም አልተፈቀደልንም። አለቃችን ኢንጂነር ብሩክ ይባላል፤ ወጣት፣ ትሑት፣ የዱራሜ ልጅ። አንድ ጠዋት እኔንና ጋሽ ሸምሱን ጠራን።

«ሌላ አገር ያለቀ ጎማ ፈጭተው ከአስፋልት ጋር ይቀላቅላሉ» አለ። «እኛ መፍጫ የለንም። ነገር ግን ሙሉውን ጎማ አፈር ሞልቶ እንደ ጡብ መደርደር ይቻላል።» በወረቀት ሥሎ አሳየን።

ጋሽ ሸምሱ ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩት። «ጎማው መሬት ውስጥ አይበሰብስም?»

«አይበሰብስም፣ ጋሼ። መጣያ ያጣንለትም ለዚህ ነው።»

«እንግዲያስ ይሁን» አሉ።

ጎማ ፍለጋ የሆሳዕናን ጎሚስታ ቤቶች ዞርን። ያለቀው ጎማ ከየጋራዡ ጀርባ ተከምሮ፣ ዝናብ አቁሮ፣ ትንኝ ያፈላ ነበር። ጥቂቱን በረባሶ ጫማ የሚሠሩት ይወስዱታል። የቀረው ይቃጠላል፤ ጥላሸቱም ከተሰጣ ልብስ ላይ ያርፋል። አንድ ጎሚስታ የመጣንበትን ስንነግረው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አየን።

«መንገዳችሁ ዕድሜውን ሙሉ ጎማ ሲበላ ኖሮ፣ አሁን ደግሞ ፍርፋሪውን ሊለምን መጣ?»

«አዎ» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «አንዴ ጠግቦ እንዲተኛ ብለን ነው።»

ሰውየው ሳቀ። ክምሩን እንዳለ ሰጠን፤ አይሱዙ ላይም አብሮን ጫነ።

ግንቡ የሚያርፍበት መሬት የእማማ ወርቅነሽ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ርቀው የሚኖሩ ሴት ናቸው። ከመንገዱ በታች የእንሰት ጓሮ አላቸው። በጓሮው ጥግ የባላቸው መቃብር አለ፤ በሲሚንቶ የተሠራ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ። በዚያ አካባቢ ብዙ ሰው የሚቀበረው በገዛ ጓሮው ነው። ጋሽ ሸምሱ እንደ ልማዳቸው ከበሩ ፊት ተቀምጠው ውሃው በየት እንደሚገባ ጠየቁ።

እማማ ወርቅነሽ በእጃቸው አሳዩ። «ከላይ ይመጣል። በእሱ እግር ሥር ያልፋል።» እሱ ያሉት ባላቸውን ነው። «በየዓመቱ እየቀረበው ነው። አንድ ክረምት ይዞት ይሄዳል ብዬ እፈራለሁ።»

«ግንቡን ከሠራን አይወስደውም፣ እህቴ። ግን የግንቡ እግር ጓሮሽ ውስጥ ይገባል።»

«ይግባ» አሉ። «እሱን ጠብቁልኝ እንጂ መሬቱን ውሰዱ።»

ሥራው እንዲህ ነው። መሠረቱ ይቆፈራል። ከታች የከባድ መኪና ጎማ ይተኛል፤ ወደ ላይ ሲወጣ የጎማው መጠን እያነሰ ይሄዳል። እያንዳንዱ ረድፍ ከበታቹ ካለው ትንሽ ወደ ኋላ ገባ ይላል፤ ግንቡ ወደ ዳገቱ እንዲደገፍ ነው። የሚሞላው ገረጋንቲ የሚባለው ጠጠራማ አፈር ነው፤ ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ከባዱ ሥራ የጎማው ከንፈር ሥር ነው። ከላይ ሲታይ የሞላ ይመስላል፤ ከንፈሩ ሥር ግን ዙሪያውን ባዶ ነው። እዚያ በእጅ እየጎሰጎሱ፣ በአጭር ዱላ እየጠቀጠቁ መሙላት ያስፈልጋል። ከጎማው የሚወጣው ሽቦ ጣት ይቆርጣል። በደንብ የሞላ ጎማ ሆዱ ይነፋል፤ በመዶሻ ሲመቱት ድምፁ አፈር መሬትን እንደመምታት ድፍን ይላል።

በዚህ ሥራ ሴቶቹ ከወንዶቹ በለጡ። ቆጮ እንዲብላላ ጉድጓድ ውስጥ ሲጠቀጥቁ ያደጉ ናቸው፤ አየር የቀረበት ቆጮ እንደሚበላሽ እጃቸው ያውቃል። ከእነሱ መካከል አይናለም የምትባል ቀልደኛ ነበረች። ወንዶቹ የሞሉትን ጎማ በተረከዟ መታ ታደርግና፣ «ይሄኛው ገና ቁርሱን አልበላም! ጨምሩለት» ትላቸዋለች።

ጎማው ከታች ክፍት ስለሆነ፣ ገረጋንቲው እንዳይፈስ ቀዳዳው ላይ በልክ የተቆረጠ ካርቶን እናደርግ ነበር። ከየሱቁ የሰበሰብነው ካርቶን ሥራው ሳይጋመስ አለቀ። የቀረውን ዝናብ አበላሸው። ሥራ አቁመን ቆመን ሳለ እማማ ወርቅነሽ ከጓሯቸው ወጡ።

«ምን ሆናችሁ ቆማችሁ?»

«ካርቶን አለቀብን፣ እማማ» አልኳቸው።

«ለዚህ ብላችሁ ነው? ቅጠል ሞልቶ!» ገብተው ሰፋፊ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው፣ በትከሻቸው ተሸክመው መጡ። ቅጠሉን ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚነጠፈው አድርገው ራሳቸው አነጠፉት፤ ደራርበው፣ ዳርና ዳሩን አትረፍርፈው። ሴቶቹም እንደዚያው ቀጠሉ። ለጉድጓድ ቅጠል የምትቆጥብ ሴት በእኛ ዘንድ ስሟ አያምርም። ስለዚህ ቅጠሉ ቀዳዳውን ብቻ አልሸፈነም። ጎማውን በሙሉ ሸፈነ፤ የላዩ ረድፍ በቅጠሉ ላይ ተቀመጠ።

ኢንጂነር ብሩክ ሲመጣ አይቶ፣ «ይህ አይበሰብስም?» ብሎ ጠየቀ።

አይናለም ቀበል አደረገችው። «ኢንጂነር፣ እናትህ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ምን ያነጥፋሉ?»

«ቅጠል።»

«ቆጮው ስንት ጊዜ ይቆያል?»

ሳቀ። «ኧረ ብዙ ይቆያል።»

«በቃ!» አለች። ሁላችንም ሳቅን። እማማ ወርቅነሽ ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ትኩስ ቅጠል ቆርጠው ይጠብቁን ነበር። የሚሰጡት ነገር በመገኘቱ ደስ ብሏቸው ነበር።

ግንቡ አለቀ። መንገዱም ጠጠር ለበሰ። የምርቃቱ ዕለት አንድ ሽማግሌ መረቁን። የመጀመሪያው ክረምት መጥቶ ሄደ፤ ግንቡ ቆመ። ከማዶ ያሉ እናቶች በአምቡላንስ ሲወጡ እየሰማን ጌታን አመሰገንን።

በሁለተኛው ክረምት ግንቡ ወረደ።

የገበያ ቀን ነበርና ከሥሩ ሰው አልነበረም። እማማ ወርቅነሽም ገበያ ወርደው ነበር። ለዚህ ዛሬም አመሰግናለሁ። ስንደርስ መንገዱ ግማሹ የለም። ጎማዎቹ ግን አልተቀደዱም፤ ገረጋንቲውም ከውስጣቸው አልጎደለም። እያንዳንዱ እንደሞላ ነው። ረድፉ በረድፉ ላይ ተንሸራቶ፣ ከነአፈሩ እንሰቱን ደፍጥጦ ጓሮው ውስጥ ተቆልሏል። ሰማያዊው መቃብር አይታይም።

ጋሽ ሸምሱ ጫማቸውን አውልቀው ጭቃው ውስጥ ገቡ። እንዳሉ በቆሙት በሁለት ጎማዎች መካከል እጃቸውን ከተው ጥቁር፣ የሚያሟልጭ ነገር አወጡ። ቅጠሉ ነበር። ጎማ ጎማን ቢነካ ኖሮ ይይዘው ነበር። ያረፈው ግን በቅጠል ላይ ነው፤ ቅጠሉ ሲበሰብስ ግንቡ በሳሙና ላይ የቆመ ያህል ሆነ።

ጉድጓድ ውስጥ ቅጠሉ የሚቆየው ሴቲቱ ጊዜ ጠብቃ እየከፈተች ስለምትቀይረው ነው። ይህን የማያውቅ ከመካከላችን አልነበረም። ግንብ ውስጥ ግን ገብቶ የሚቀይር እጅ የለም።

አይናለም እያለቀሰች መጣች። «ጋሼ፣ ሲባጎውን ልያዝ?» አለች።

«የለም፣ ልጄ» አሏት። «ዛሬ የምይዘው እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ስብሰባ ሆነ። ከበላይ የመጡት ሰዎች የጎማው ነገር እንዲቀር፣ መንገዱም እንዲዘጋ አሰቡ። ኢንጂነር ብሩክ ብዙ ለመነ። በመጨረሻ አንድ በጋ ተሰጠን፤ ያውም ባለመሬቷ እንደገና ከፈቀዱ ነው። ካልፈቀዱ መንገዱ ለዘለዓለም ይቀራል፤ የማዶው ሰውም ወደ ቃሬዛው ይመለሳል።

እማማ ወርቅነሽ ግን በራቸውን ዘጉ። ሄድን፤ አልከፈቱም። ጎረቤቶቻቸው ውስጥ እንዳሉ ነገሩን። ቤተ ክርስቲያን መምጣትም ትተው ነበር። ሰው ሁሉ «ተቆጥተዋል» አለ። ቢቆጡስ ማን ይፈርድባቸዋል? ጠብቁልኝ ያሉንን እኛው ሸፍነንባቸዋል። ጓሮውን የሚጠርግ ሎደር ይምጣ የሚል ሐሳብ ተነሣ። ጋሽ ሸምሱ እምቢ አሉ። «ማሽን መቃብር አያውቅም» አሉ።

አንድ ጠዋት ጋሽ ሸምሱ ለብቻችን እንሂድ አሉኝ። ኢንጂነሩም ሽማግሌም አልተከተለንም። በሩ ተዘግቶ ነበር። ጋሽ ሸምሱ አላንኳኩም። ከበሩ ፊት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ፀሐዩ ከረረ። እሳቸው ጥቂት ያስሉ ነበር። በልቤ ስጸልይ ቆየሁ።

በሩ ተከፈተ። እማማ ወርቅነሽ ከስተዋል።

«ለምን ትመጣላችሁ?» አሉ። «ከእኔ ምን ቀራችሁ?»

«ይቅርታ ልንጠይቅሽ ነው፣ እህቴ» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

«እኔን?» አሉ። «ቅጠሉ ከማን ጓሮ ተቆረጠ? ከእኔ። ማን አነጠፈው? እኔ። እነዚህን ልጆች አነጣጠፉን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ባሌን ሁለተኛ የቀበርኩት እኔ ነኝ!» ደፉ ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። «በየትኛው ዓይኔ ሰው ልይ? በየትኛው አፌ ልጸልይ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ቁጣ መስሎን ነበር። በሩን የዘጉት አፍረው ነው።

ጋሽ ሸምሱ ለቅሷቸው በረድ እስኪል ጠበቁ።

«ወርቅነሽ፣ ቅጠሉን ስትሰጪን አይሆንም ያለሽ ሰው ነበር?»

«አልነበረም።»

«ለምን ይመስልሻል?»

ሻሻቸውን ከፊታቸው አነሡ።

«ስላፈርን ነው» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «እኛ ሰው ቤት ሄደን የተሰጠንን አንመልስም። ነውር ነው። የአንቺን ስጦታ መመለስ ከበደን፤ እያመሰገንን ተቀበልን። ሥራ ግን እንግድነት አይደለም። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ለዚህ ግን አይሆንም ማለት ነበረብን። አንቺ የሰጠሽው ከልብሽ ነው። አለመቀበል የነበረበት ፎርማኑ ነው። ፎርማኑ ደግሞ እኔ ነኝ። የእኔን አንቺ አትሸከሚብኝ።»

ነፋሱ የቀሩትን እንሰቶች ያወዛውዛቸው ነበር። እኔም ጠጋ ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። «እማማ፣ እንጸልይ?» አልኳቸው።

እጃቸውን አልነጠቁኝም። እኔ በአጭሩ ጸለይኩ። ጋሽ ሸምሱ ራቅ ብለው፣ በራሳቸው መንገድ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ስጨርስ እማማ ወርቅነሽ «አሜን» አሉ። ለረጅም ጊዜ ያልተናገሩት ቃል ይመስል ነበር።

«መጀመሪያ እሱን አውጡልኝ» አሉ ከዚያ። «ስለ ግንቡ በኋላ እናወራለን።»

ጓሮውን በእጅ ጠረግነው። ጎማዎቹን ወንዶቹ እያንከባለሉ አወጡ፤ ጭቃውን ሴቶቹ በቅርጫት አመላለሱ። ከቤተ ክርስቲያናችንም እህቶች መጡ፤ ከመስጊዱም ሰዎች መጡ። ወደ ጥጉ ስንቀርብ አካፋ አስቀመጥንና በእጃችን ጫርን። በመጨረሻ ሰማያዊው ሲሚንቶ ታየ። አንዱ ማዕዘን ተሰብሯል፤ ቀለሙ ተፍቋል፤ ስሙ ግን ይነበባል። እማማ ወርቅነሽ ተንበርክከው ጭቃውን በሻሻቸው ጠረጉ። ሥራ ያልያዘው ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር። 

ሲነሡ ጋሽ ሸምሱን ፈለጉ። «አሁን ሥሩት» አሉ። «ቅጠል ግን እንዳትጠይቁኝ።»

«ብትሰጪንም አንወስድም!» አለች አይናለም ከኋላ። እማማ ወርቅነሽ መጀመሪያ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ከዚያ ሳቁ። ሰውም ተከትሎ ሳቀ። አንዳንዱ እየሳቀ ያለቅስ ነበር።

ሁለተኛው ግንብ ሲሠራ ቀዳዳውን የሸፈንነው በጎማ በራሱ ነው። ጎሚስታው ከተቀደዱ ጎማዎች የጎኑን ክብ ቆርጦ ሰጠን፤ በልክ ገባ። ላስቲክ በላስቲክ ላይ አረፈ። ረድፎቹን ከጎማ በተቀደደ ጠፍር እርስ በርሳቸው አሰርናቸው። ከግንቡ ጀርባ ድንጋይ ሞላን፤ ውሃው በቧንቧ ከመቃብሩ ርቆ እንዲወጣ አደረግን። ጋሽ ሸምሱ እያንዳንዱን ረድፍ በባዶ እግራቸው ሄዱበት። ሰዎች ምሳ ወይም ሌላ ነገር ይዘው ሲመጡ በደስታ እንበላለን። ለሥራው የሚሆን ነገር ይዘው ሲመጡ ግን ጋሽ ሸምሱ ተነሥተው፣ ደረታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው፣ «ስጡን፤ መጀመሪያ እንፈትነው» ይሉ ነበር። እኔም ይህን ቃል ከዚያ ወዲያ በሄድኩበት ሁሉ ተጠቀምኩበት። ሰውን ሳላስከፋ «አይሆንም» ለማለት የረዳኝ እሱ ነው።

ግንቡ ከዚያ ወዲህ ብዙ ክረምት አይቷል። ሣር ለብሶ፣ ጎማ መሆኑ የሚታወቀው ጠጋ ብሎ ላየው ነው። እማማ ወርቅነሽ ከሥሩ አዲስ እንሰት ተከሉ። ኢንጂነር ብሩክ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። እኔም እንደዚያ ያለ ግንብ በሌሎች ሁለት ገደሎች ላይ አሠርቻለሁ። አሁን ወጣቶቹ ጎማ ፈጭቶ ከአስፋልት ጋር ስለ መቀላቀል ሲያወሩ እሰማለሁ። ይሠሩት። እንዲያምርላቸው እጸልያለሁ።

ጋሽ ሸምሱ ያረፉት እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በክረምቱ መካከል ነው። ለእማማ ወርቅነሽ ስልክ ደወልኩላቸው። ቤታቸው ከቦኖሻ ሩቅ ነው፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። «እርስዎ እንኳ ቢቀሩ ሰው ይረዳዎታል» አልኳቸው።

«ምን አልሽ?» አሉኝ። እንደገና አልተናገርኩም።

ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ዝናቡ ያለማቋረጥ ይዘንብ ነበር። አይሱዙው እስከ መስኮቱ ጭቃ ለብሶ ደረሰ። ላዩ ላይ ላስቲክ የተከናነቡ ሴቶች ሞልተዋል፤ አይናለምም አለች። እማማ ወርቅነሽ ጋቢና ተቀምጠዋል። ለእኔም ቦታ ለቀቁልኝና ወደ ቦኖሻ ሄድን። 

ለቅሶ ቤቱ ደጃፍ ላይ የጋሽ ሸምሱ ታላቅ ልጅ ተቀበለን። ትከሻው ርሷል። እኔን ያውቀኛል። ወደ ሴቶቹ፣ ከዚያ ጭቃ ወደ ለበሰው መኪና ተመለከተ።

«ከየት ነው የመጣችሁት፣ እናቴ?» አላቸው እማማ ወርቅነሽን።

«ከሀቢቾ ማዶ።»

«በዚህ ዝናብ? መንገዱ እንዴት አሳለፋችሁ?»

እማማ ወርቅነሽ እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ።

«አባትህ የሠሩት ነው፣ ልጄ» አሉት። «ምን ይሆናል?»

 ልጁ እጃቸውን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሰውን እያሳለፈ ወደ እናቱ አስገባቸው።